ቄስ ደምለው የካቶሊኮቹን ተማሪ ቤት ያዩ ዕለት

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ሻአሪያ

ቄስ ደምለውን ከሕንጻቸው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጥምጣማቸው ነጭ፣ ጭራቸው በቀኝ እጃቸው፣ ጃንጥላቸው በግራ፣ እግራቸው ሥር ሦስት ፌስታል። በግንቦት ወር እዚህ እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ላይ ዝናብ እንደማይዘንብ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ስለ ጃንጥላው ግን አልጠየቅሁም፤ የቄስ ጃንጥላ ዝናብ አይጠብቅም።

"ዘገየህ" አሉኝ።

"በአሥራ አንድ ተኩል አይደል ያልነው? ይኸው አሥራ አንድ ተኩል ነው።"

"እኔ ከአሥር ጀምሬ ቆሜያለሁ።"

"ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?"

"እኔስ ምን አጠፋሁ?"

በዚህ ዓይነት ክርክር እሳቸውን የረታ ሰው እስካሁን አላየሁም። ፌስታሎቹን ጫንኩ። በአንደኛው ዳቦ አለ፤ በሁለተኛው የተቀቀለ እንቁላልና ቆሎ፤ በሦስተኛው የራሳቸው ሳሕን፣ ብርጭቆና ማንኪያ። የምንሄደው ሰው ቤት ነው፤ ቄስ ደግሞ ባላወቁት ማድ ቤት የተሠራ ነገር አይቀምሱም።

ቄስ ደምለው የእናቴ ወንድም፣ የእኛ የኢትዮጵያ አይሁዶች ቄስ ናቸው። ሰማንያን ከዘለሉ ቆይተዋል። ጎንደር ገጠር ከአባታቸው የተማሩትን የግዕዝ ጸሎት በቃላቸው ይዘው፣ በሱዳን አቋርጠው እዚህ ደረሱ። ዛሬም በሰፈራችን በሻአሪያ ሰው ሲሞት፣ ሲዳር፣ ልጅ ሲወለድ በመጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። እኔ ታከለ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ፕላስቲክ ፋብሪካ ፎርክሊፍት ነዳሁ፤ ከዚያ ወገቤ እምቢ አለና አስቀድሜ ጡረታ ወጣሁ። ጡረታ የወጣ ሰው መኪና ካለው የዘመድ ሁሉ ሹፌር መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ይህ ጉዞ የተጠነሰሰው ባለፈው ክረምት፣ እዚሁ ፔታህ ቲክቫ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ቄስ ደምለው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። በቀዶ ሕክምናው ማግስት ገና ሳይነጋ ነቁ። ከመጋረጃው ወዲያ በኩል አንድ ድምፅ በግዕዝ ይጸልያል።

"ሞቼ መላእክት ሊቀበሉኝ የመጡ መሰለኝ" ብለው ነግረውኛል። "ከዚያ መልአኩ ሽንት ቤት የት እንደሆነ በዕብራይስጥ ጠየቀ።"

መልአኩ አባ ተስፋይ ነበሩ፤ ከአዲግራት አካባቢ የመጡ የካቶሊክ ካህን። እሳቸውም ዳሌያቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች መጋረጃውን አስነሥተው ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎን ለጎን ተኙ። አባ ተስፋይ እንደ ትግራይ ሰው ሐውንም ዐውንም ከጉሮሯቸው ጎትተው ስለሚያወጡ፣ ቄስ ደምለው በመጀመሪያው ቀን ነርስ ጠርተው "እኒህን ሰው ጉሮሯቸውን ያማቸዋል፤ ሽሮፕ ስጧቸው" አሉ። ነርሷ ሰጠቻቸው። አባ ተስፋይም ትሕትና ስላለባቸው ጠጡት።

ሌላም ችግር ነበር። "አባ" በዕብራይስጥ አባዬ ማለት ነው። ቄስ ደምለው ሌሊት "አባ! አባ! ተኙ?" ሲሉ የሰማች ተረኛ ነርስ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። "እነዚያ ሁለቱ አባትና ልጅ ናቸው?" አለችኝ። "ልጅየው እንዴት ከአባትየው በአሥር ዓመት ሊበልጥ ቻለ?"

ከሆስፒታል ሲወጡ አባ ተስፋይ ጋበዟቸው። የሚያስተምሩበትን ዘርአ ክህነት መጥተው እንዲያዩ፤ ማለትም ካቶሊኮች ካህን የሚያሠለጥኑበትን አዳሪ ትምህርት ቤት።

"ካህን እንደ ጤፍ ይዘራል እንዴ?" አሉ ቄስ ደምለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በየሳምንቱ "መቼ ነው የምንሄደው?" ሲሉኝ ከረሙ። ምን ሊያዩ እንደፈለጉ ብጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ መለሱልኝ፦ "ተማሪ ከየት እንደሚያመጡ።"

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ከከተማ መውጫ ያለ ነዳጅ ማደያ

ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው መንገድ ከነጋ በኋላ በመኪና ስለሚታፈን ነው በሌሊት የተነሣነው። ግን ፀሐይ ከፍ ስትል ቄስ ደምለው "አቁም፣ ጸሎት አለብኝ" አሉ። አቆምኩ። ነዳጅም ቀዳሁ፤ አንድ ቡናም በአሥራ ሁለት ሼቅል ገዛሁ። ቡና ይሉታል እንጂ ጎማ የታጠበበት ውሃ ነው።

ስመለስ ቄስ ደምለው በአየር መሙያው አጠገብ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይሽከረከራሉ። ኢየሩሳሌም በየት በኩል እንደሆነች ጠፍታባቸዋለች። አንድ ሩስያዊ የማደያ ሠራተኛ መጣና በዕብራይስጥ "ምን ጠፋባቸው?" አለኝ።

"ኢየሩሳሌም።"

ሰውየው ሲሠራ ያደረ ይመስላል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ግን አልሳቀም። ስልኩን አወጣ፣ ኮምፓስ ከፈተ፣ ፀሐይ ከምትወጣበት ትንሽ ወደ ቀኝ በጣቱ አሳየ። በዚያ በኩል መኪና ማጠቢያው ነበር። ቄስ ደምለው ወደ መኪና ማጠቢያው ዞረው ጸሎታቸውን ጀመሩ። ለመታጠብ ተራ የያዘ አንድ ታክሲ ነጂ በእሱ ላይ የሚደገም መስሎት መስኮቱን ዘጋ።

ሲጨርሱ ለሩስያዊው እጃቸውን አንሥተው መረቁት። "ምን አሉ?" አለኝ። "ጤና ይስጥህ ነው።" "በሰደር" አለ፣ እሺ ማለቱ ነው፣ "ለወገቤም ጨምሩልኝ በላቸው።" ወገብ የማያመው ሠራተኛ በዚህ አገር የለም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፤ የትምህርት ቤቱ በር

የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም። አባ ተስፋይ ለምነውኛል፤ ጎብኚ ሲበዛ ተማሪዎቹ መስኮት ላይ ይውላሉ አሉ። ይህን ያህል ልበል፦ ከዋናው መንገድ ወጥቶ በወይራ መሐል የሚጠመዘዝ ቀጭን አስፋልት፣ ከዚያ ኮረብታ፣ ከኮረብታው አናት ላይ ግንቡ ቢጫ የሆነ ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ቤት። ከብረቱ በር ኋላ የሙሽሙላ ዛፍ ቢጫ ፍሬው አጎብጦት ቆሟል።

ደወልን። የከፈተችልን አጭር ሴት፣ እጅጌዋ እስከ ክርኗ በዱቄት የነጣ፣ ኡም ኤልያስ ትባላለች። ከአጠገቡ ካለው መንደር የመጣች ክርስቲያን ዓረብ ናት፤ የዚህ ቤት ወጥ ሠሪ። ዕብራይስጧ የገበያ ነው፤ የእኔ የፋብሪካ ነው፤ ስለዚህ ተግባባን።

ቄስ ደምለውን ከጥምጣማቸው እስከ ጫማቸው አየቻቸው። "አቡና?" አለች።

ቄስ ደምለው ቃሉን ሰሙት። "ማ? እኔ አቡን? በስተርጅናዬ ጳጳስ ልታደርገኝ ነው?"

በዓረብኛ አቡና ማለት ተራ ካህን፣ አባታችን ማለት እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። እኔም ተደናግጬ "የለም የለም፣ አቡና አይደሉም" አልኳት።

እንደገና አየቻቸው። ጥምጣሙን፣ ጃንጥላውን፣ ጭራውን። አቡና ካልሆኑ ከአቡና በላይ ናቸው ብላ አሰበች መሰለኝ፤ ፊቷ ተለወጠ፣ በመደረቢያዋ እጇን ጠረገች፣ ጎንበስ አለች፣ ከዚያ ሮጣ ሄዳ በግቢው መሐል የተንጠለጠለውን ደወል ትጎትተው ጀመር።

ከየክፍሉ ወጣቶች ወጡ። ዘጠኝ ናቸው፤ ሁሉም ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፤ አንዱ ጫማውን በተቃራኒ እግር አድርጎ ነው የወጣው። ኡም ኤልያስ በዓረብኛ አንድ ነገር አለቻቸው፤ ወዲያው ተሰለፉ። አንድም ቃል አልተናገሩም።

"ሰላም አደራችሁ" አሉ ቄስ ደምለው። ዝም። በዕብራይስጥ "ሻሎም" አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቄስ ደምለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ፦ "ድዳዎች ናቸው እንዴ? ካህን የሚያደርጉት ድዳውን መርጠው ነው?"

ነገሩ ኋላ ነው የተገለጠልን፤ ተማሪዎቹ ሱባዔ ላይ ናቸው፤ እስከ ስድስት ሰዓት መናገር ክልክል ነው። መጠየቅ አይችሉም፤ እኛም የምናስረዳበት ጊዜ አላገኘንም። የመጀመሪያው ወጣት መጥቶ ተንበረከከና የቄስ ደምለውን እጅ ሊስም ጎነበሰ።

እኔ ላብ አጠመቀኝ። አገር ቤት ሳለን ቄሶቻችን ከሌላ እምነት ሰው ጋር መነካካት አይፈልጉም፤ ከነኩም ይታጠባሉ። ቄስ ደምለው ሆስፒታል ገብተው ነርስ ሁሉ ካገላበጣቸው ወዲህ ይህን ነገር ላላ አድርገውታል፤ ግን ዘጠኝ ካቶሊክ በአንድ ጠዋት ብዙ ነው። እጃቸውን ሰበሰቡና ጭራውን ዘረጉ። ወጣቱ ጥቂት አመነታ። ከዚያ ጭራውን ሳመ። ሁለተኛውም ጭራውን ሳመ። ሦስተኛው አስነጠሰው።

"ቄስ፣ ተሳስተዋል እኮ፣ ይንገሯቸው!" አልኳቸው።

"ምን ብዬ? ተንበርክኮ የመጣን ሰው ምርቃት ከልክዬ ልመልሰው?" አሉና አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ በግዕዝ መረቋቸው።

ሦስት ሰዓት፤ ግቢው

አባ ተስፋይ ከላይ ፎቅ በደረጃው ከዘራ ተመርኩዘው ሲወርዱ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፤ ግማሹ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ነው።

"ቄስ ደምለው! ምነው? ምን ተፈጠረ? በሦስት ሰዓት አልተባባልንም?"

"ይኸው ሦስት ሰዓት ነው።"

አባ ተስፋይ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ወደ ፀሐይዋ ቀና አሉ፤ ከዚያ ግንባራቸውን መቱ። እሳቸው የፈረንጁን ሦስት ሰዓት ነው ያሉት፣ የከሰዓቱን። በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። በአማርኛ እየተናገሩ በፈረንጅ ሰዓት የሚቀጥሩ ሰው ካህን ቢሆኑም ይወቀሳሉ፤ ቄስ ደምለውም ወቀሷቸው። ከዚያ አባ ተስፋይ ተማሪዎቹን አዩ፤ አሁንም ተሰልፈዋል።

"እነዚህ ምን ሆነው ነው የቆሙት?"

"መርቄያቸው ነው" አሉ ቄስ ደምለው።

"ማንን?"

"ሁሉንም። በሙሴ ሕግ ነው የመረቅኋቸው፤ አይጎዳቸውም።"

አባ ተስፋይ ወደ ኡም ኤልያስ፣ ኡም ኤልያስ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ ሙሽሙላው ተመለከትን። ከዚያ አባ ተስፋይ ሳቁ። ሲስቁ አረፋው በቀሚሳቸው ላይ ተንጠባጠበ። ተማሪዎቹም ነገሩን በአንድ ጊዜ ተረዱት፤ ግን ድምፅ ማውጣት ክልክል ነውና ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዘጠኝ ሰው ያለ ድምፅ ሲስቅ አይቼ አላውቅም ነበር። አንዱ ግድግዳ ተደገፈ።

ስድስት ሰዓት፤ መብል ቤት

የስድስት ሰዓቱ ደወል እንደተደወለ ዝምታው ፈረሰ። ግድብ የተሰበረ ነው የሚመስለው። ዘጠኙም በአንድ ጊዜ፣ በዓረብኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጥ። ረጅም ጠረጴዛ፣ የምስር ሾርባ፣ የተጠበሰ ባዶንጃን፣ ከምድጃ የወጣ ቂጣ።

ቄስ ደምለው ሳሕናቸውን ከፌስታል አወጡ። እንቁላላቸውን ላጡ። ኡም ኤልያስ ከበላያቸው ቆማ አየች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ምግቤን ጠሉት?"

"አልጠሉትም፣ ሃይማኖታቸው ነው" አልኳት።

"ለብዙ ዓመት እዚህ ቤት ሠራሁ፤ ጳጳስ መጥቶ በልቷል!"

ተረጎምኩላቸው። ቄስ ደምለው እንቁላላቸውን አስቀመጡና አሰቡ። "ዛፉ ላይ ያለውን ፍሬ ማንም አላበሰለውም፤ እግዜር ነው ያበሰለው። እሱን ታምጣልኝ በላት።" ኡም ኤልያስ ወጥታ አንድ ባልዲ ሙሽሙላ ለቅማ መጣች። ቄስ ደምለው ያን ባልዲ ለመጨረስ ጥቂት ነው የቀራቸው። እሷም ከጎናቸው ተቀምጣ ፍሬ በበሉ ቁጥር ሌላ አቀበለቻቸው። በመሐላቸው አንድም የሚግባቡበት ቋንቋ የለም፤ ቢሆንም ስለ ልጆቿ ሁሉ ነገረቻቸው።

ከዚያ ጥያቄና መልስ ሆነ። ቄስ ደምለው ይጠይቃሉ፤ አባ ተስፋይ ይመልሳሉ።

"ስንት ዓመት ይማራሉ?"

"ሰባት፣ ስምንት።"

"ምግባቸውስ?"

"ቤቱ ይችላል።"

"ልብሳቸው?"

"ቤቱ።"

"ሚስትስ?"

"ሚስት አያገቡም።"

ቄስ ደምለው ጠረጴዛውን ዙሪያውን ቆጠሩ። "ዘጠኝ ብቻ የቀሩት ለዚህ ነዋ! በእኛ ሚስት ያላገባ አይቀስስም።" አባ ተስፋይ ይህን አልተረጎሙም፤ እኔ ተረጎምኩት። ተማሪዎቹ ጠረጴዛ እስኪደበድቡ ሳቁ።

ከጥግ የተቀመጠ መነጽር ያደረገ ወጣት ግን ከልቡ ነው የጠየቀው። "በእናንተ ዘንድ ካህን የሚሆን ሰው እንዴት ይማራል?"

"አባቴ ደጃፍ ተኝቼ" አሉ ቄስ ደምለው። "ቀን ከብት አግዳለሁ፤ ማታ ይነግረኛል፤ ጠዋት እመልስለታለሁ። ከሳትኩ ቁርስ የለም። አሥር ዓመት።"

"ፈተናስ?"

"ፈተናው ቀብር ነው። ሰው ሞተ፤ አባቴ ታሟል፤ ሌላ የሚያውቅ የለም፤ ቁም አሉኝ፤ ቆምኩ። አለፍኩ።"

"አሁን ስንት ተማሪ አለዎት?"

ጥያቄውን የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ባልተረጎምኩት ይሻል ነበር። ቄስ ደምለው የሙሽሙላውን ፍሬ በጣታቸው አገላበጡት። "የለኝም" አሉ። "የለም በለው።"

አንድ ነገር ልናዘዝ። በአገር ቤት ልጅ ሳለሁ እናቴ ለቄስ ደምለው ሰጥታኝ ነበር፤ ካህን እንድሆንላት። አንድ ክረምት ተማርኩ። ከሳትኩ ቁርስ የለም፤ እኔም ብዙ ጊዜ ነው የምስተው። መስከረም ሲጠባ ጠፍቼ ወደ እናቴ ሄድኩ። ከዚያ ስደቱ መጣ፣ ሱዳን መጣ፣ እስራኤል መጣ፣ ፎርክሊፍት መጣ። ቄስ ደምለው ይህን ነገር ከአርባ ዓመት በላይ አንድ ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። የገዛ ልጆቻቸው ሌላ ሙያ ይዘዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው በዕብራይስጥ ነው የሚጸልዩት፤ ደግ ልጆች ናቸው፤ ግዕዙን ግን "አያቴ፣ ሎ ሜቪን" ይላሉ፣ አይገባኝም ማለታቸው ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ሰባት ሰዓት ተኩል፤ የፎቶግራፎቹ ኮሪደር

ከምሳ በኋላ አባ ተስፋይ ቤቱን አስጎበኙን። ከዘራና ከዘራ ጎን ለጎን፣ ሁለት የተጠገኑ ዳሌዎች ቀስ ብለው።

ይህን ኮረብታ በቱርኮች ዘመን የገዙት ከፈረንሳይ የመጡ መነኮሳት ናቸው። ሻጩ ገበሬ ውሃ የሌለው ድንጋይ ብቻ ስለሆነ በጣም ሳቀባቸው ይባላል። እነሱ ጉድጓድ ቆፍረው የዝናብ ውሃ አጠራቀሙ፤ ከየመንደሩ ልጆች ሰበሰቡ፤ ከበለስ ዛፍ ሥር ላቲን ማስተማር ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አዝመራ ሲደርስ ሁሉም ጠፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። "እንዳንተ" አሉኝ ቄስ ደምለው፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ።

ከአርባ ዓመት በላይ ቆይታ ወጣች። አንዲት ቃል ናት፤ ተከተልኳቸው።

በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የየዓመቱ ተማሪዎች ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ ብዙ፣ ከሊባኖስም ከግብፅም ከእኛም አገር የመጡ፤ አባ ተስፋይ ራሳቸው በንጉሡ ዘመን የመጡ ጢም አልባ ጎረምሳ ሆነው በአንዱ ፎቶ ላይ ተኮሳትረዋል። ቄስ ደምለው ግን የቆሙት ሌላ ፎቶ ፊት ነው። ሁለት ሰው ብቻ አለበት። አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ፣ ከኋላቸው አንድ ትከሻው ሰፊ ሰው።

"ሌሎቹ ፎቶ ሲነሡ ዘግይተው ነው?" አሉ።

"ሌሎች አልነበሩም" አሉ አባ ተስፋይ።

የመጀመሪያው ትልቅ ጦርነት ሲመጣ የቱርክ ወታደሮች ቤቱን ያዙ። ፈረንሳዮቹን አባረሩ፤ ወንበሩንና መጽሐፉን አንድደው ሞቁበት፤ በጸሎት ቤቱ ፈረስ አሰሩ። ተማሪዎቹ ተበተኑ። የቀሩት አንድ የአገሩ ተወላጅ አስተማሪ ብቻ ነበሩ፤ ዓይናቸው የደከመ። ከእሳቸው ጋር የቀረ አንድ ተማሪ ነበር፤ የበቅሎ ነጂ ልጅ፣ ከክፍሉ ሁሉ የመጨረሻው ደደብ፣ አንዱን ክፍል ሦስት ጊዜ የደገመ። የቀረውም ለትምህርት ብሎ አይደለም፤ መንገዱ ተዘግቶ ቤቱ መሄድ ስላቃተው ነው።

ሁለቱ ከታች መንደር ባለ የወይራ መጭመቂያ ውስጥ ተጠጉ። ተማሪው የወፍጮውን ድንጋይ እንደ በቅሎ ይጎትታል፤ አስተማሪው ጥግ ተቀምጠው በቃላቸው ያሉትን ሁሉ ይነግሩታል። ይስታል። ይደግማሉ። ይስታል። ይደግማሉ። ጦርነቱ አልቆ እነዚያ ጎበዞቹ ሲመለሱ ሁሉንም ረስተውታል፤ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ።

"ደደቡ!" አሉ ቄስ ደምለው።

"ደደቡ። ጸጉሩ መሸበት ሲጀምር ቀሰሰ፤ ቤቱን እንደገና የከፈተው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ በግድግዳው የምታዩዋቸው ሁሉ የእሱ ልጆች ናቸው። እኔም ጭምር።"

ቄስ ደምለው ፎቶውን ተጠግተው አዩት። የሰውየውን ትከሻ፣ እጁን። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። አተያየታቸውን አልወደድኩትም።

አሥራ አንድ ሰዓት፤ ጊቫት ሽሙኤል አጠገብ

ስንለያይ ሁለቱ በግዕዝ አብረው ጸለዩ፤ አንዱ ለስለስ፣ አንዱ ከጉሮሮ፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ተከራክረው ቆሙ፣ ታርቀው ቀጠሉ። ኡም ኤልያስ የኋላውን ወንበር በሙሽሙላ ሞላችው።

ስንመለስ የስልኩ ካርታ ከዋናው መንገድ አስወጥቶ ከፔታህ ቲክቫ አጠገብ ባለችው ከተማ በጊቫት ሽሙኤል በኩል ላከን። እዚያም መኪናው ሁሉ ቆሟል። የሥራ መውጫ ሰዓት ነው። ከፊታችን አውቶቡስ፣ ከኋላችን ጥሩምባ የማያቋርጥ ሰው። አሥር ሜትር እንሄዳለን፤ አምስት ደቂቃ እንቆማለን።

"ተማሪ አገኘሁ" አሉ ቄስ ደምለው።

"ከነዚያ ከዘጠኙ አንዱን?"

"ከነሱ አይደለም። ደደቡን።"

መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። "ቄስ፣ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው።"

"ያም ሰውዬ ጸጉሩ ሸብቶ ነበር።"

"ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ እረሳለሁ። ወገቤም..."

"ወገብህን አልጠየቅሁህም።"

ጥሩምባው ጮኸ። አሥር ሜትር ሄድን። ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። በክረምቱ እሳቸው ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገቡ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ የፈራሁት ሞታቸውን ብቻ እንዳልነበረ። ቢሞቱ በላያቸው ላይ የሚቆም ማን እንደሆነ ሳስብ አንድም ስም እንዳልመጣልኝ። ልጅ ሳለሁ ከትምህርቱ ባልጠፋ ኖሮ እኔ እቆም እንደነበረ።

ቄስ ደምለው ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔም እሱን ነበር ያሰብኩ" አሉ። "በቀብሬ ማን ሊቆም ነው ብዬ ዙሪያዬን ብመለከት ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ካቶሊክ ብቻ አገኘሁ። እሱም ጉሮሮውን ያመዋል።"

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ዓይኔ ግን መንገዱን በደንብ አያየውም ነበር፤ ደግነቱ መንገዱም አይሄድም።

"በል ተከተለኝ" አሉ። "ይትባረክ።"

"ይባረክ።"

"ት! ት የት ሄደች? ይትባረክ!"

"ይት-ባረክ።"

"ቁርስ የለህም" አሉ። "ድገመው።"

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፤ ሻአሪያ

ሕንጻው ሥር መኪናውን አቆምኩ፤ ሞተሩን አጠፋሁ። አልወረድንም። የመጀመሪያው ጸሎት ግማሽ ላይ ደርሰናል፤ ቄስ ደምለው ደግሞ ግማሽ ላይ የቆመ ጸሎት አይወዱም። ከላይ አንድ ቤት ቴሌቪዥን ይጮሃል፤ ሴቶች ከአውቶቡስ ወርደው በፌስታላቸው ብርቱካንና ዶሮ ተሸክመው ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ቄስን አይተው ጎንበስ ብለው ሰላም ይላሉ፤ ቄስ በጭራቸው መልስ ሰጥተው "ቀጥል" ይሉኛል።

ባለቤቴ ያልጋነሽ ከሥራ መጣች። ኤም ሃሞሻቮት ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ አንዲት አሮጊት ትጦራለች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። መስኮቱን አንኳኳች።

"ምን ሆናችኋል? ወገብህ ተያዘ እንዴ? ያላ፣ ውረዱ እንጂ።"

"ዝም በይ፣ ልጁ እየተማረ ነው" አሉ ቄስ ደምለው።

ያልጋነሽ ልጁን አየችው። ራሰ በራነቱን፣ ቦርጩን፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ላብ። የምትስቅብኝ መስሎኝ ነበር። የኋላውን በር ከፈተች፤ ሙሽሙላውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች፤ በሩን ዘጋች፤ ጫማዋን አወለቀች።

"እስቲ" አለች።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አንድ ቦታ ላይ ምላሴ ተያዘ፤ ቄስ ደምለው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ እንጂ ድምፅ አላወጡም፤ ራሴ አገኘሁት። እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ከኋላ ያልጋነሽ እንደ እናቶቻችን በለሆሳስ "አሜን" አለች።

ቄስ ደምለው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለኝ። ምስጋና ጠበቅሁ።

"ድገመው" አሉ።

ደገምኩት።